ቅንጣትና ቅንጦት

በእኛ አገር አንድ ልጅ "ሐኪም እሆናለሁ" ሲል ይመረቃል። "መሐንዲስ እሆናለሁ" ሲልም ይመረቃል። "እነግዳለሁ" ሲል "ገበያው ይቅናህ" ይባላል። "አረብ አገር እሄዳለሁ" ቢል እንኳ በሬ ተሽጦ፣ ብድር ተፈልጎ ይሸኛል። "ከሰማይ የሚወርዱ ቅንጣቶችን ማጥናት እፈልጋለሁ" ያለ ቀን ግን ዘመድ አዝማዱ ይሰበሰብና የትኛው ጠበል እንደሚሻለው ይመክርበታል።

እስቲ ይህን ልጅ የግምጃ ቤት ልጅ እናድርገው። ግምጃ ቤት አዊ ውስጥ ናት፤ የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ። ለልጁ ስም አናወጣለትም፤ እንዲህ ያለው በየወረዳው አንድ ሁለት አይጠፋምና ስሙን አንባቢ ይሙላው። ድንች ሲኮተኩት አድጓል እንበል፤ አገሩ አዊ ነውና በፈረስ ማረስም ያውቅበታል። ፊዚክስ ገባው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በዚያው በፊዚክስ ተመረቀ። አሁን ደግሞ "ሁለተኛ ዲግሪዬን፣ ከተቻለም ዶክትሬቴን በአስትሮፓርቲክል ፊዚክስ ልሥራ" ብሎ አረፈው።

ጉድ ፈላ! አጎቱ "አንተ ልጅ፣ ምድሩን ጨርሰህ ነው ሰማይ የምትቆፍረው?" ይላሉ። ጓደኛው "አካውንቲንግ ብትማር ባንክ ትገባ ነበር" ይለዋል። የቢሮው ኃላፊ ማመልከቻውን በሁለት ጣት አንስተው "ከልማት ዕቅዳችን ጋር አይጣጣምም" ብለው ይመልሱለታል። እናቱ ብቻ ቀስ ብለው "ልጄ፣ እንጀራ አለው ወይ?" ብለው ይጠይቁታል።

ከአራቱ ውስጥ መልስ የሚገባው የእናቱ ጥያቄ ብቻ ነው። እርሱን ቆይተን እንደርስበታለን። የሌሎቹ የሦስቱ ንግግር ግን ቢጨመቅ አንድ ነገር ነው የሚወጣው፦ "ለደሃ አገር ቅንጣት ማጥናት ቅንጦት ነው።" የዛሬ ጠቤ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። አስትሮፓርቲክል ፊዚክስ ስሙ ያስፈራል እንጂ ጉዳዩ ከደጃችን አይርቅም። እስቲ መዳፍዎን ወደ ሰማይ ዘርግተው በዝግታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይቁጠሩ። በቆጠሩት ልክ፣ ቢያንስ አንድ አንድ ሙዎን የሚባል ቅንጣት መዳፍዎን በስቶ አልፏል። አላዩትም፤ አላመመዎትም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከሩቅ ሰማይ፣ ከፈነዱ ከዋክብት ቅሪትና ገና በውል ካልታወቁ ሌሎች ቦታዎች የሚነሡ ፕሮቶኖችና የአቶም አስኳሎች የብርሃንን ፍጥነት ሊደርሱበት ትንሽ በቀራቸው ፍጥነት እየመጡ ከላይኛው አየራችን ጋር ይጋጫሉ። ግጭቱ ሌሎች ቅንጣቶችን ይወልዳል፤ እነዚያም ሌሎችን ይወልዳሉ፤ እንደ ካፊያ ይወርዳሉ። ሙዎን የዚያ ካፊያ አንዱ ጠብታ ነው። ዕድሜው በአማካይ 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ማለትም ሰከንድን ለአንድ ሚሊዮን ብንከፍላት ከክፍልፋዮቿ ሁለት ብቻ ያህል ነው የሚደርሰው። በዚህ ዕድሜ 700 ሜትር እንኳ ሳይጓዝ መሞት ነበረበት። እርሱ ግን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መሬት ይደርሳል። ለምን ቢባል፣ አይንስታይን እንዳለው፣ እጅግ ለሚፈጥን ነገር ጊዜው ስለሚዘገይለት ነው። እንግዲህ የአይንስታይን ማስረጃ በየሰከንዱ የግምጃ ቤትን ቆርቆሮ ጣራ እየበሳ ይገባል ማለት ነው። ቀረጥ አልተከፈለበትም፤ ጨረታ አልወጣበትም፤ የውጭ ምንዛሪም አልጠየቀም።

ይኼን ዝናብ የደረሰበት ቪክቶር ሄስ የሚባል ኦስትሪያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 መሣሪያውን ተሸክሞ በፊኛ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጣ። ጨረሩ ከመሬት የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ከፍ ባለ ቁጥር መቀነስ ነበረበት፤ እርሱ ግን እየጨመረ አገኘው። ምንጩ ከላይ ነው ማለት ነው። በ1936 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ እንኳ፣ ከእነዚህ ቅንጣቶች ከፍተኛውን ጉልበት የተሸከሙት ከየት እንደሚነሡ ዛሬም በእርግጠኝነት አልታወቀም። አርጀንቲና ውስጥ ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ፣ በ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት፣ እያንዳንዳቸው 12,000 ሊትር ውኃ የያዙ 1,600 ያህል ታንከሮች ተደርድረው እነዚህን ቅንጣቶች ይጠብቃሉ። የብዙ አገር ሳይንቲስቶች ናቸው የደረደሯቸው። አዎ፣ እኛ ሮቶ የምንለው ዓይነት፣ ውኃ የሞላው ታንከር! "ይኼ ሳይንስ ለእኛ አይደለም" የምንለው ምኑን አይተን እንደሆነ እንጃ።

አሁን ወደ "ምን ይጠቅማል" ባዮች እንምጣ። ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛው መልስ፣ ይጠቅማል ነው። ሙዎን ዓለት ውስጥ ይገባል፤ ወፍራም ዓለት ብዙውን ያስቀረዋል፤ ባዶ ቦታ ግን ያሳልፈዋል። ስለዚህ ከዓለት በታች ወይም ከጎን ሆኖ ሙዎን የሚቆጥር ሰው የዓለቱን ሆድ እንደ ራጅ ያነበዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጊዛ በሚገኘው የኩፉ ፒራሚድ ውስጥ ቢያንስ 30 ሜትር የሚረዝም ክፍተት እንዳለ የተደረሰበት በዚህ ዘዴ ነው፤ አንድም ድንጋይ ሳይነቀል። ጃፓኖች በዚሁ መንገድ የእሳተ ገሞራ ተራራን ውስጥ ይመረምራሉ። ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ላሏት፣ አፋር ላይ ገና እሳት ለሚተፋ ምድር፣ እዚያው አዊ ውስጥ ዘንገናን የመሰለ እሳተ ገሞራ የቦረቦረው ሐይቅ ላላት አገር ይኼ ዕውቀት ቅንጦት ነው? ደግሞስ ይህን ትምህርት የተማረ ሰው የሚይዘው ሙያ ምንድን ነው? ከብዙ ጫጫታ መካከል ትንሿን ምልክት መለየት፣ ኮምፒዩተር ማዘዝ፣ ጨረር የሚለካ መሣሪያ መገጣጠምና መጠገን። በካንሰር ሕክምና ማዕከል የጨረሩን መጠን የሚለካው ባለሙያ የሚያስፈልገው መሠረትም ይኸው ነው። የሕክምና ማሽኑ ሲገዛ ሁላችንም እናጨበጭባለን፤ ማሽኑን የሚያውቀው ሰው ከየት እንደሚመጣ ግን ማሰብ አንወድም።

ሁለተኛውን መልስ ግን ከመጀመሪያው አብልጬ እወደዋለሁ። እሺ፣ ነገ ጠዋት ምንም አይጠቅምም እንበል። ታዲያ ምን ይሁን?

ጐጃም እኮ ነው ያለነው! የጐጃም ገበሬ ለስንት ዘመን ማንን ሲመግብ ኖረ? የቆሎ ተማሪን። ከሩቅ አገር አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ፣ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ የሚለምነውን የቅኔ ተማሪ። ያ ተማሪ ዋሸራ ሄዶ ዓመታትን በቅኔ ላይ ያሳልፋል። ከዚያ ወደ ሌላ ደብር ተሻግሮ ዜማ ይላል፤ ከዚያም ጎንደር ወጥቶ የመጻሕፍትን ትርጓሜ ይማራል። ባሕረ ሐሳብን የተማረ እንደሆነ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስልቶ ጾምና በዓል መቼ እንደሚውሉ ይነግራል። ጢሙ አብቅሎ፣ ጢሙ ሸብቶ ገና ተማሪ ነው። በዘመኑ ቋንቋ ይኼ ምንድን ነው? የድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው! ቅኔ አንድ ጥማድ መሬት አያርስም። ቅኔ ማሽላ አያበቅልም። ገበሬው ግን "ከእርሻ ዕቅዴ ጋር አይጣጣምም" ብሎ በሩን አልዘጋበትም። ከልጆቹ ምሳ ቆርሶ ቁራሽ እንጀራ ሰጠው።

የተማሪውን ኑሮ ማሳመር አልፈልግም። ረኀቡም፣ ቅማሉም፣ የውሻው ንክሻም ነበረ፤ ብዙው መንገድ ላይ ቀርቷል። ሴት ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በር አልገባችም። የምለው አንድ ነገር ነው። አንድ ደሃ ገበሬ፣ ባንክ የሌለው፣ በጀት የሌለው፣ ብድር ሰጪ ድርጅት የማያውቀው ገበሬ፣ ለማይበላ ዕውቀት ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ኖሯል። ስለዚህ "ደሃ ነንና አንችልም" የሚለው ሰበብ በዚህ አገር አፍ አያምርም። ደሃነት የዕውቀት ጠላት ሆኖ አያውቅም፤ የዕውቀት ጠላት ንቀት ነው።

እዚያው አዊ ያለውን ሌላውን ምስክር ልጥራ። በአዊ ደጋ ፈረስ በአዘቦት ያርሳል፤ ይጭናል። ያው ፈረስ በጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ጌጡን ለብሶ ይጋልባል፤ ይሰግራል። "ፈረስ ከማረስ በቀር ምን አገባው?" ብሎ በዓሉን ያስቀረ አዊ የለም። የሚሠራና የሚያምር በአንድ ጀርባ ላይ እንደሚቀመጥ ፈረሰኛው ያውቃል። የማያውቀው ባለ ቢሮው ነው።

ይህን ስል ሌላ ወገን ተነሥቶ "አገራችን እኮ ስፔስ ሳይንስ ውስጥ ገብታለች፤ ምን ያስለቅስሃል?" ሊለኝ ነው። ይኼኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። ምክንያቱም የመጀመሪያው ሰማዩን አይፈልገውም፤ ሁለተኛው ሰማዩን ለፎቶ ነው የሚፈልገው።

ያየነውን እንቁጠር። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲቋቋም የሳቀ ብዙ ነበር። ሰዎቹ ሳቁን ችለው እ.ኤ.አ. በ2015 እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ፣ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አስመረቁ። በሥነ ፈለክና አስትሮፊዚክስ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችም ማሠልጠን ጀመሩ። ይኼ በእውነት የሚመሰገን ነው፤ አንድም ነገር አልቀንስበትም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ 72 ኪሎ የምትመዝነው ሳተላይታችን ከቻይና ምድር ተወነጨፈች፤ የወጪዋን አብዛኛውን የሸፈነችውም ቻይና ነበረች። በዚያው በፈረንጆቹ 2019 የዓለም የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ ስም ማውጣት ሲፈቅድ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለ ኮከብ ነበር። ኮከቡን "ቡና"፣ በዙሪያው የሚዞረውን ፕላኔት "አቦል" አልነው። ያምራል! ለዚያውም አንድሮሜዳ በግሪኮቹ ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

ቴሌስኮፑ ተመረቀ፤ ሳተላይቷ ተወነጨፈች፤ ኮከቡ ክርስትና ተነሣ። እኔ ግን የምጠይቀው ስለ ዕቃው አይደለም። አቦል ጠጥተናል፤ ቶናና በረካውስ የታለ? ተማሪው የታለ?

ዕቃ መግዛት ሳይንስ አይደለም። ዕቃ በገንዘብ ይገዛል፤ በዕርዳታም ይመጣል። አንድን ተመራማሪ ግን ከውጭ አስጭኖ ከጉምሩክ ማውጣት አይቻልም። በትንሹ አሥር ዓመት ይፈጃል፦ ጥሩ የፊዚክስ መምህር ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ሁለት ዓመት ማስተርስ፣ አራትና ከዚያም በላይ ዓመት ዶክትሬት። ይኼ ሁሉ ሪባን የማይቆረጥበት ሥራ ነው። አንድ ልጅ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ቀመር ሲፈታ የሚቀርጽ ካሜራ የለም።

ከታች ጀምረን እንየው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4። እንግዲህ የግምጃ ቤቱ ልጅ እዚህ ወንፊት ውስጥ ያለፈ ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ እጅግ ብዙ ልጅ ከትምህርት ገበታ ርቋል። ይህን ሁሉ አልፎ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፎ፣ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አልፎ "ልማር" ሲል የሚጠብቀው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው የእናቱ ጥያቄ የሚመጣው፦ "እንጀራ አለው ወይ?"

እውነቱን እንነጋገር፤ የለውም። በአገራችን ብዙው የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚማረው በሌላ ሥራው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ወይ መምህር ሆኖ በመምህር ደመወዝ ቤት ተከራይቶ፣ ቀን እያስተማረ፣ ሌሊት እያነበበ፤ ወይ በክረምት ብቻ እየመጣ። አማካሪው ደግሞ አንድ ሰው ሆነው ብዙ ተማሪ ተሸክመዋል፤ ኮሚቴም አለባቸው። ልጁ የመመረቂያ ጽሑፉን ጨርሶ ሲወጣ የሚቀጥርበት ቦታ "ተዛማጅ የሥራ ልምድ" ይለዋል። የኮስሚክ ጨረር ተዛማጅ የሥራ ልምድ! እናትየው ፊዚክስ ባይማሩም ያልተሳሳቱት እርሳቸው ናቸው። ሰማዩን አልናቁም፤ ስንቁን ነው የጠየቁት። እኛ ግን የእርሳቸውን ጥያቄ ነጥቀን ልጁን ማስፈራሪያ አደረግነው። "እንጀራ የለውምና ተው" ማለት አንድ ነገር ነው፤ "እንጀራ የለውምና እንጀራ እናብጅለት" ማለት ሌላ።

በጣም የሚያናድደኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ይኼ የትምህርት ዘርፍ ለደሃ አገር ተማሪ ከሁሉ የረከሰ ነው! እ.ኤ.አ. በ2008 የተወነጨፈው ፌርሚ የሚባለው የአሜሪካኖች የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ የሚሰበስበው መረጃ ለማንም ሰው ክፍት ነው፤ በነፃ። እነዚያ የአርጀንቲና ታንከሮች ከሰበሰቡት ውስጥም የተወሰነው እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለዓለም ተለቋል። ቴሌስኮፑን ሌላው ሠራ፤ ሌላው ወነጨፈ፤ ሌላው ከፈለ። ከግምጃ ቤቱ ልጅ የሚፈለገው አንድ ኮምፒዩተር፣ መብራትና ኢንተርኔት ብቻ ነው። እነዚህን ይዞ እንጅባራ ቁጭ ብሎ፣ አሜሪካ ወይም ጀርመን የተቀመጠው ተማሪ የሚያየውን ያንኑ መረጃ ያያል። ከእርሱ የተሻለ ነገር ሊያይበትም ይችላል።

እኛ ምን አደረግን? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። የተቋረጠበትን ምክንያት የሚተነትኑ ሌሎች አሉ። እኔ የምለው ቀላል ነው፦ የኬሚስትሪ ተማሪን ቤተ ሙከራ ብትቆልፉበት ሁሉም ያየዋል፤ በሩ ላይ ቁልፍ ይንጠለጠላልና። የዚህን ተማሪ ቤተ ሙከራ ስትቆልፉ ግን ማንም አያይም። እርሱ ብቻ ነው የሚያየው። ዓለም ያለ ዋጋ ያቀረበለትን ማዕድ አገሩ ከፊቱ አነሣችበት።

"እነ ማን ችለውት?" የሚል ካለ፣ ናሚቢያን ይመልከት። የሕዝቧ ቁጥር ሦስት ሚሊዮን ገደማ ነው። በፊኛ በወጣው በዚያ ሰውዬ ስም ሄስ ተብለው የተሰየሙት የጋማ ጨረር ቴሌስኮፖች ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ በናሚቢያ ደጋ፣ 1,800 ሜትር ላይ ቆመው ሰማዩን ያያሉ። ገንዘቡ በአብዛኛው የአውሮፓውያን ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲያቸው በሥራው አባል ሆኖ ገብቷል። ደቡብ አፍሪካን ተዉት፤ 64 ግዙፍ ሳህኖችን በበረሃ ደርድራ እ.ኤ.አ. በ2018 አስመርቃለች፤ በ2024 ደግሞ የዓለም የሥነ ፈለክ ኅብረት ጠቅላላ ጉባኤውን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ምድር ላይ ያካሄደው ኬፕ ታውን ነው። እኛ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን። ተራራችን ከእነርሱ ይበልጣል፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ለምድር ወገብም ቅርብ ነንና የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ማየት እንችላለን። ቦታ አላነሰንም።

አንዱ ደግሞ "ብናስተምራቸውስ? ሄደው ይቀራሉ" ይላል። ይኼ መከራከሪያ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቦንጋ ተወልደው ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የተማሩት ዶክተር ቅጣው እጅጉ ጃፓንና አሜሪካ ተምረው በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ሥራ ስማቸውን አስጠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እዚያው አረፉ። እኛም በስማቸው እንኮራለን። ኩራቱ ጥሩ ነው፤ ግን ሰውየው ሊመለስበት የሚችል ምን አዘጋጅተን ነበር? በሬውን የሚያስረው ገመድ ብቻ አይደለም፤ ሣሩም ነው። ሣር ሳታበቅል "በሬዬ ጠፋ" ብሎ ማልቀስ ምን ይባላል?

የተመለሱም አሉ። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ታስረው፣ ተገርፈው፣ ዓመታት በወህኒ አሳልፈው ወጡ። ከዚያ ሕንድ ሄደው በፊዚክስ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ተመልሰውም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። የእርሳቸው መስክ ሰማዩ አይደለም፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሲሰጣቸው፣ የሸለመው ለሰው መብትና ለትምህርት ነፃነት የቆመ የፊዚክስ መምህርን ነው። እንዲህ ያለ ሰው በነበረበት አገር "ይሄዳሉና አናስተምር" ማለት ነውር ነው።

አሁን የመጨረሻውንና ከባዱን ጥያቄ ልጋፈጥ። "ሰው እየሞተ፣ ትምህርት ቤት እየተዘጋ፣ አንተ ስለ ሙዎን ታወራለህ?" ይህን የሚጠይቅ ሰው ልቡ ካዘነ እቀበለዋለሁ። ግን እስቲ መልሱልኝ፦ ትምህርት ቤቱን የዘጋው የፊዚክስ ተማሪው ነው? የስንዴው ገንዘብ ለሰማይ ጥናት ሄዶ ነው ሰው የተራበው? "መጀመሪያ ሆድ ይጥገብ" ሲባል አባቶቻችንም ሰምተዋል፤ እኛም ሰማን። ሆዱም አልጠገበ፤ ጭንቅላቱም አልጠገበ። ከግምጃ ቤት ዙሪያ ድንች ተጭኖ ይወጣል። ከአዊ ዲከረንስ ተከስሎ በአይሱዙ አዲስ አበባ ይገባል። ልጁም እንዲሁ በጭነት መኪና ላይ ወደ መተማ ይወጣል። ከሚወጣው ሁሉ የማይመለሰው ልጁ ነው። ልጅን እዚህ የሚያቆየው ዳቦ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ዳቦ ቤት ያለው ሁሉ ባልተሰደደ።

ወቀሳ ብቻ እንዳይሆን የምለውን በሦስት ነገር ልጨርስ።

አንደኛ፣ የቅኔ ተማሪው ቁራሽ ይመለስ። በመሠረታዊ ሳይንስ ለድኅረ ምረቃ የገባ ተማሪ ጫማ የማያስቆጥር፣ ቤት ኪራይ የሚችል የኪስ ገንዘብ ይቆረጥለት። ጥቂት ተማሪ ይግባ፤ የገባው ግን በልቶ ይማር። መቶ የተራበ ተማሪ አስገብቶ መቶ የተኮረጀ መመረቂያ ጽሑፍ ከመደርደር፣ አምስት ጠግቦ የሚያስብ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ መብራትና ኢንተርኔት ለዩኒቨርሲቲ እንደ ውኃ ይቆጠር። ምንም ዓይነት ጠብ ቢኖር የዩኒቨርሲቲ መስመር አይቆረጥ። የሆስፒታልን ውኃ መቁረጥ ነውር እንደሆነ ሁሉ ይኼም ነውር ይሁን።

ሦስተኛ፣ ከትንሹ እንጀምር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የላይኛውን ከባቢ አየር የሚያጠናበትን ቤተ ሙከራ "ዋሸራ" ብሎ ሰይሞታል፤ ስሙን ያወጣው ሰው ምን እንዳሰበ ገብቶኛል። እንግዲህ ዋሸራ ስሙን ያስከብር። ሙዎን የምትቆጥር፣ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ሳጥን በውጭ አገር ተማሪዎች ራሳቸው ይገጣጥማሉ፤ ዕቃዋ 100 ዶላር ገደማ ነው። ዶላሩ ቢወደድም ከአንድ የበዓል ሙክት ብዙ አይርቅም። ግምጃ ቤት ላለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ፣ ለእንጅባራ አንድ፣ ለቻግኒ አንድ ይሰጥ። መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ደግሞ የማስተርስ ተማሪያችን ሳጥኗን ይዞ ከእንጅባራ ይነሣ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። በቻግኒ አድርጎ፣ ግልገል በለስን አልፎ፣ ጉባ ሕዳሴ ግድብ ድረስ ይውረድ፤ እዚያ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ያንሳል። በየከተማው አንድ ሌሊት እያደረ ይቁጠር። ቁጥሩ እየወረደ ሲሄድ በዓይኑ ያየዋል። ቪክቶር ሄስ በፊኛ ሽቅብ ያገኘውን የእኛ ልጅ በአውቶቡስ ቁልቁል ያገኘዋል። ለዓለም አዲስ ግኝት አይደለም። ለግምጃ ቤት ግን አዲስ ነው፤ ሳይንስ በአንድ አገር የሚጀመረውም እንዲህ ነው።

ግምጃ ቤት ማለት የከበረ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ነው። አገራችን የከበረውን ዕቃ ሁልጊዜ የምትፈልገው በመጋዘን ውስጥ ነው፤ በሰው ጭንቅላት ውስጥ መኖሩን ትረሳዋለች። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ መሣሪያ መጣ ተብሎ ሪባን ሲቆረጥና ሲጨበጨብ እዚያ ካሉ፣ እጅዎን አውጥተው አንዲት ጥያቄ ይጠይቁልኝ፦ "ዕቃውን አየነው፤ ደስ ይላል። የሚማርበት ልጅ የታለ? ትናንት ማታ ምን በልቶ አደረ?"